ታንኳው ለፎቶ ብቻ ነው እንዴ?

የእህቴ ልጅ ከጣሊያን ቪዲዮ ላከልኝ። ካፕሪ ደሴት ላይ ያለውን «ሰማያዊ ዋሻ» ሊያይ ሄዶ ነው። የዋሻው አፍ ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ሰው ትንሿ ጀልባ ውስጥ በጀርባው ይጋደማል፤ ቀዛፊው ግድግዳው ላይ የታሰረውን ሰንሰለት ይዞ ይስባል፤ ሹልክ ብለው ይገባሉ። ውስጡ ሰማያዊ ነው። ፀሐይዋ የምትገባው ከመግቢያው ሥር፣ ውሃው ውስጥ ባለ ሌላ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃው ከታች የበራ ይመስላል።

ቪዲዮውን አስከትሎ በድምፅ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ስሟ ነው እንጂ ባሕርም የላት፣ ዋሻም የላት» ብሎ ሳቀብኝ።

ባሕሩን በተመለከተ አልለቅለትም። እኛ ዘንድ ጣና ባሕር ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ባለጀልባዎቹ «ባሕሩ ተነሳ» ነው የሚሉት። ዋሻውን ግን ልተውለት። የባሕር ዋሻ የሚፈለፈለው ማዕበል ለሺህ ዓመታት ገደል ሲደበድብ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል እንጂ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይዘልም። ዳር ዳሩም ደንገልና ረግረግ ይበዛዋል።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ቪዲዮው ላይ ያስቀናኝ ሰማያዊው ውሃ አይደለም። ከዚያ በፊት ያለችው ደቂቃ ናት። ሰዉን ከወደብ ያመጣው ትልቁ የሞተር ጀልባ ዋሻው በር ላይ ይቆማል። መግባት አይችልም። ሰዉ እየተደጋገፈ ወደ ትንሿ የመቅዘፊያ ጀልባ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቀዛፊው ነው፤ እንጀራውም የእሱ።

የእኛን ደግሞ ልንገራችሁ። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ይዤ ጣና ዳር ወዳለችው ዘጌ ሄድኩ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ዋጋውን ወደቡ ላይ ተከራክረን ተስማማን። ባለጀልባው ገና እግራችንን መሬት ሳናስነካ «ሁለት ሰዓት እጠብቃችኋለሁ፤ ከዚያ ባሕሩ ይነሳል» አለን። ጥፋተኛ ነው አልልም። ማዕበሉም እውነት ነው፣ ነዳጁም የእሱ ነው። ግን ያቺ ቃል ቀኑን በላችው።

ከመውረጃው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ መሃል ነው። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው። እንደሚባለው ከሆነ፣ ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም ሳያርስ በእነዚህ እንዲኖር ታዘዘ። ታሪኩን የወደደ ይመነው። ጫካው ግን አለ፤ ማረሻ ስላልገባው ነው ያለው። ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በጠራራ ፀሐይ ገብታችሁ እንኳ ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ትደናበራላችሁ። ልጁ ዋሻ ካማረው ይኸውለት።

መንገዱ ዳር አንዲት እናት ጀበናቸውን ጥደው ተቀምጠዋል። ስኒዎቹ ስድስት ናቸው፤ የአንዱ ጆሮ ተሰብሯል።

«ልጄ፣ ቡና ጠጡ» አሉኝ።

«ስንመለስ እማማ፤ ጀልባው ይሄድብናል።»

«ስትመለሱማ ትሮጣላችሁ» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በላዔ ሰብም አለ። ሰባ ስምንት ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነው ሰውዬ። አስጎብኚያችን ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ግን ሰዓቱን እያየ ነበር የሚያወራው። በላዔ ሰብ አንድ ደቂቃ እንኳ አልደረሰውም። ከዚያ ወጣን። እማማ እንዳሉትም ሮጥን። እየሮጥኩ መዳፍ የምታህል የደንገል ታንኳ ገዛሁ፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ። ከባሕር ዳር ወጥቶ ዘጌን አይቶ የሚመለስ ሰው ከሚያወጣው ገንዘብ አብዛኛው ወደብ ላይ ይቀራል። መንደሩ የሚያገኘው የመግቢያዋን ክፍያ፣ እድል ከቀናው የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ነው። ታንኳውማ ጭራሽ የለበትም። ፖስተር ላይ ታንኳ፣ ሆቴል ግድግዳ ላይ ታንኳ። ታንኳ የሚሠሩት እነማን ናቸው? ከጥንት ጀምሮ በዚህ ሙያ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ከሐይቁ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ኖረው ከከተማው ዳር የተገፉ ሰዎች ናቸው። ደንገሉም በእርሻና በግንባታ እየተመነጠረ ሄዷል።

አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ታንኳ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ሰውዬው የደንገሉን እስር በእግሩ እየረገጠ፣ ገመዱን በሁለት እጁ እየሳበ ያጠብቀዋል። በሳበ ቁጥር ደንገሉ ሲጥ ይላል። ከውሃ የወጣ አሮጌ ታንኳ ደግሞ አጠገቡ ፀሐይ እንዲሞቀው ተዘርግቷል፤ ካልደረቀ ይበሰብሳል። እንግዶች ይሳፈሩበት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ፎቶ ያነሱና ይሄዳሉ» አለኝ።

ታዲያ የሞተር ጀልባው እንደ ካፕሪው በር ላይ ቢቆምስ? ሰውን አውርዶ ይመለስና በማግስቱ ጠዋት ይምጣ። የሁለት ሰዓት ነገር ይቅር። ማታውን መንደር ውስጥ ንጹሕ አልጋና የጾም በያይነቱ ካለ ምን ቀረ? ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ሲል ደግሞ ላይፍ ጃኬት ያደረገ እንግዳ ዳር ዳሩን በታንኳ ይዙር፤ ሂሳቡን ለቀዛፊው በእጁ ይስጠው። ታንኳ ያረጥባል፣ አውቃለሁ። የካፕሪውም ያረጥባል።

ካፕሪን ቅዱስ እያደረግኩት አይደለም። የእህቴ ልጅ ፀሐይ ላይ ረጅም ሰልፍ ቆሞ ውስጥ የቆየው አምስት ደቂቃ ግድም ነው። ሰልፉን አልመኝም።

«አሁን ስለ ጉብኝት ይወራል?» የሚለኝ አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ግጭቱ እንግዳውን አርቆታል። ኑና ዘጌ እደሩ እያልኩ አይደለም። ግን እንግዳው ተመልሶ ወደቡ ከተጨናነቀ በኋላ ባለጀልባውን «በር ላይ ቁም» የሚለው ሰው አይገኝም። የባለጀልባዎቹ ማኅበራትና መንደሩ በአንድ ጠረጴዛ ቁጭ ብለው የሚነጋገሩት ሥራ በቀዘቀዘበት በዚህ ሰዓት ነው።

ለልጁ መልስ ይሆነኛል ብዬ ያቺን የዘጌ ታንኳ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «ጋሼ፣ ትንሳፈፋለች?» አለኝ። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ አስቀመጥኳት። ተንሳፈፈች። ማታ ረስቻት ተኛሁ፤ ጠዋት ሳያት ውሃ ጠጥታ ወደ አንድ ጎን ዘማለች። አውጥቼ መስኮት ላይ አሰጣኋት።