ድንጋዩን ከቦታው አታንሡት

ወገኖቼ ሆይ፤ ስለ ሦስት ሺህ ዘመን ታሪካችን ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል። ያንን ታሪክ በሆዱ የያዘው መሬት ሲታረስ፣ ሲቆፈርና ሲደለደል ግን ዝም ብለን እናልፋለን። ይህን ጠባያችንን እንድንመረምረው ብዬ የአንድ ባዕድ ሰው ሕይወት ላነሣላችሁ ነው። ባዕድ ይሁን እንጂ የዕድሜውን ማምሻ ያዋለው የእኛን አባቶች የጉዞ መንገድ በማጥናት ነበርና ከእኛ የራቀ አይደለም።

እንግሊዛዊው የአርኪኦሎጂ ሊቅ ኦ. ጂ. ኤስ. ክራውፎርድ በ1886 ሕንድ ውስጥ ቦምቤይ ተወለደ፤ እዚህ የማነሣቸው ዓመታት፣ በኋላ ከምጠቅሰው ከአገራችን አዋጅ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እናቱ በወለደችው በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አባቱም በልጅነቱ ስለሞቱበት እንግሊዝ አገር አክስቶቹ አሳደጉት። በኦክስፎርድ ጂኦግራፊ ተምሮ፣ በሱዳን አቡ ጌሊ በተባለ ቦታ ቁፋሮ ካካሄደ በኋላ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ዘመተ። በእግረኛነት፣ ቀጥሎም በካርታ ክፍል አገልግሎ ወደ አየር ኃይሉ ተዛወረና በአውሮፕላን ላይ ቃኚ ሆነ። በመጀመሪያው የቅኝት በረራ እግሩን በጥይት ቆሰለ። ድኖ በተመለሰ ጊዜ፣ በ1918፣ አውሮፕላኑ ተመትቶ በጀርመኖች እጅ ወደቀ፤ ለማምለጥ ሞክሮም ተያዘ። በምርኮኞች ካምፕ ተዘግቶበት ሳለ ስለ ሰው ልጅ ጥንታዊ ዘመን የሚያትት መጽሐፍ ይጽፍ ነበር።

ጦርነቱ አልቆ ወደ ቤቱ ሲገባ ከሰማይ ወደ ምድር መመልከትን ለምዶ ነበር፤ ያንን ዓይን ለሰላም ሥራ አዋለው። በ1920 ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የብሪታንያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው አርኪኦሎጂስት አድርጎ ቀጠረው። ሥራው በየአውራጃው በእግርና በብስክሌት እየዞረ ጉብታውን፣ የጥንት አጥሩንና የፈረሰ ምሽጉን አይቶ በካርታ ላይ ማስፈር ነበር። ብቻውን እንደማይዘልቀው ስላወቀ በየአካባቢው አገሩን የሚያውቁ ፈቃደኞችን አሰባስቦ፣ ያዩትን ሁሉ ምልክት እያደረጉ እንዲልኩለት አደረገ። በ1923 በአየር ኃይሉ ፎቶግራፎች ላይ ያስተዋላቸውን ቀጫጭን መስመሮች ተከትሎ፣ ስቶንሄንጅ ወደተባለው የእንግሊዝ ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ የሚያደርሰውን የጥንት ጎዳና የጠፋ ክፍል ለየ፤ በዚያው ዓመትም ቆፍሮ አረጋገጠ።

ይህ ዘዴ ለእኛ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ቀድሞ ጉድጓድ ወይም ቦይ የነበረበት መሬት አፈሩ ጥልቅና እርጥብ ስለሚሆን በላዩ የበቀለው እህል ይረዝማል፣ ይለመልማልም፤ ከሥሩ የግንብ መሠረት ያለበት ግን ቀድሞ ይጠወልጋል፤ ከሰማይ ሲታይ ይህ ልዩነት መስመር ሆኖ ይወጣል። የትኛው ማሳ የድሮ ኦና እንደሆነ፣ ማረሻው የት ላይ ድንጋይ እንደሚመታ፣ ከየትኛው ተረተር ገል እንደሚወጣ ጠይቁ፤ ስማችሁን ሳይጠይቁ የሚነግሯችሁ አዛውንቶች በየቀበሌው አሉ። ጥፋታችን ሳንጠይቃቸው መሞታቸው ነው። እኔም ከዚህ ወቀሳ አላመልጥም፤ ልጅ ሳለሁ ከእርሻ ላይ የሚወጣውን ጌጠኛ ገል ከጓደኞቼ ጋር እየወረወርን ስንሰባብረው፣ ተው ያለን አንድም አዋቂ አልነበረም፤ ዛሬም የሚሰብሩ ልጆች እያየሁ ተው ሳልል ያለፍኩባቸው ቀናት አሉ።

በይሓ አካባቢ የሚገኘውን ቤተ ሰማዕቲን ተመልከቱ። ተመራማሪዎች ወደዚያ ጉብታ የደረሱት የአካባቢው ሰዎች ቦታው ትልቅ ነገር እንደሆነ ስለጠቆሟቸው ነው። ሲቆፈር የአክሱም ዘመን ከተማና ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተገኘ፤ ውጤቱም በ2019 ለዓለም የተገለጠው ክራውፎርድ ራሱ በ1927 ባቋቋመው «አንቲኩዊቲ» በተባለው መጽሔት ነው። ገበሬው ባይናገር ኖሮ ያ ጉብታ ዛሬም ጉብታ ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር ልምጣ። ከ1519 እስከ 1524 ባሉት ዓመታት አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው፣ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ሮም የሚጓዙ የኢትዮጵያ መነኮሳትን እየጠየቀ ከየት ተነሥተው በየት እንዳለፉ፣ በየመካከሉ ስንት ቀን እንደተጓዙ ጻፈ። ክራውፎርድ በስተርጅናው እነዚህን ጽሑፎች ሰብስቦ የቦታዎቹን ስሞች በካርታ ላይ ሲያፈላልግ ኖረ፤ በ1957 ሞተና መጽሐፉ በ1958 ታተመ። በጽሑፎቹ ውስጥ የነገሥታቱ ከተማ ባራራ ትጠቀሳለች፤ ሥፍራዋም በዝቋላና በመናገሻ መካከል ባለው አገር ሳይሆን እንዳልቀረ የሚሟገቱ ተመራማሪዎች አሉ። ወገኖቼ፣ ያ አገር ዛሬ ቀንና ሌሊት ቤት የሚሠራበት ነው። አያቶቻችን በቃላቸው የነገሩትን መንገድ ባዕድ ጽፎት፣ ሌላ ባዕድ ዕድሜውን ሰጥቶት፣ እኛ ግን በላዩ ሲሚንቶ ስናፈስበት ከሥሩ ምን እንዳለ አለመጠየቃችን በደል ነው።

ሕግ የለም አትበሉኝ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መንገድ ሲቆርጥም ሆነ ቤት ሲሠራ ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ ለሚመለከተው አካል ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዛል። ሥራዬ ይቆምብኛል ብሎ የተጠረበውን ድንጋይ በሌሊት የሚያስነሣ ባለ ይዞታ፣ አይቶ ዝም የሚል ጎረቤት፣ ሲነገረው ነገ ና የሚል ሹም በአንድነት ተጠያቂዎች ናቸው። በተለይ ድንጋዩን አንሥቶ በግቢው ያቆመው ሰው አድኜዋለሁ ብሎ አይጽናና፤ የትኛው አፈር ላይ፣ ከምን ጋር፣ ወዴት ዞሮ እንደነበር ከጠፋ ድንጋዩ የሚናገረው አብዛኛው ነገር አብሮ ጠፍቷል።

የክራውፎርድ አገርም በዚህ ከስሕተት አልዳነችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የካርታ መሥሪያ ቤቱ ባለበት በሳውዝሃምፕተን ከተማ ላይ ቦምብ እንደሚወርድ ገብቶት መዛግብቱ እንዲሸሹ አለቆቹን ቢወተውትም በበቂ አልሰሙትም፤ በ1940 መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ሲቃጠል ከዓመታት ድካሙ ብዙው ካርታ፣ መጽሐፍና የፎቶግራፍ መስታወት አብሮ ነደደ። የተረፈው እሱ አስቀድሞ በገጠር ቤቱ ወዳለው ጋራዥ ያሸሸው ነበር። ከዚያም ካሜራውን አንሥቶ ቦምብ ያልደረሰባቸውን የከተማይቱን ሕንጻዎች ፎቶ ማንሣት ጀመረ።

ጦርነት እኛም ዘንድ ገዳምና ደብር እንደማይምር አይተናል። ስለዚህ መምህራን፣ ካህናት፣ የቀበሌ ሹማምንት፣ ስልክ በእጃችሁ ያለ ወጣቶች፣ ከዚህ መኸር ጀምራችሁ በአካባቢያችሁ ያለውን ትክል ድንጋይ፣ ዋሻ፣ ኦናና የፈረሰ ካብ ባለበት ፎቶ አንሡት፤ ስሙንና አዛውንቶቹ የሚሉትን ጻፉ፤ ድንጋዩን ሳትነኩ። የጻፋችሁትንም ሦስት አድርጉት፤ አንዱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይግባ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፣ አንዱ ደግሞ ከወረዳው ውጭ በሚኖር ዘመዳችሁ ቤት ይደር።