ከሰይጣኑ ተረት የሃኒቦይ ሕይወት ይበልጣል

የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሆነው የድሮው የገጠር ብሉዝ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ተረት ነው። ሮበርት ጆንሰን የተባለ ጊታሪስት መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ቻለ ይባላል። ይህ ተረት በተደጋገመ ቁጥር ይከፋኛል። ሙዚቀኞቹ በላባቸው ያገኙትን ሙያ ነጥቆ ለሰይጣን ይሰጣልና።

ጆንሰንን በቅርብ የሚያውቅ፣ አብሮት የዞረ ሰው ግን እስከ ፈረንጆቹ 2011 ድረስ በሕይወት ነበር። ዴቪድ ሃኒቦይ ኤድዋርድስ ይባላል። በ1915 በደቡብ አሜሪካዋ ግዛት ሳይሆን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ባለችው ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ሻው በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ የጥጥ እርሻ ጭሰኞች ነበሩ። ጭሰኝነትን ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እዚያም ዓመቱን ሙሉ ተለፍቶ ሂሳብ ሲተሳሰብ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ዕዳ ነበር። ጊታር ያስያዘው አባቱ ነው። በጉርምስናው ቢግ ጆ ዊሊያምስ የተባለውን ዘዋሪ ሙዚቀኛ ተከትሎ ከቤት ወጣ።

ዘዋሪ ሙዚቀኛ ሲባል ግዴለሽ፣ እግሩ ወዳመራው የሚሄድ ሰው ይመስለናል። የሃኒቦይ ዙረት ግን ስሌት ነበረው። ቅዳሜ ሠራተኛው ከእርሻ ወደ ከተማ ይወጣል፤ ሳንቲም የሚገኘው ያኔ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ ይጫወታል። ሰዉ በዝቶ መንገድ ሲዘጋ ፖሊስ ይመጣል። እሱም ጊታሩን ይዞ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል፤ አንዳንዴ በዕቃ ባቡር ተንጠላጥሎ። ማታ ደግሞ ጁክ የሚባሉት የገጠር መጠጥና ጭፈራ ቤቶች አሉ። በዚያ ጫጫታ መሃል ለመሰማት ክሩን አጥብቆ መምታት ግድ ነው። ጣቱ ላይ ያጠለቃትን ቱቦ ክሩ ላይ ሲያንሸራትታት ጊታሩ እንደ ሰው ያለቅሳል። ምቱን አንዳንዴ ያስረዝመዋል፣ አንዳንዴ ያሳጥረዋል። አጃቢ ይቸገር ይሆናል፤ እኔ ግን የምወድለት ይህንኑ ነው።

በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ መታየት ደግሞ አደጋ ነበረው። በአገሪቱ ደቡባዊ ክፍል ጥቁር ሰው ሥራ ፈትቶ ከተገኘ «ቦዘኔ» ተብሎ ይታሰርና በግዳጅ ይሠራ ነበር። ሃኒቦይም በዚህ ሰበብ ታስሯል። ስለዚህ ሌላው ማሳ ላይ በሚውልበት ሰዓት እሱ ከዓይን ይሰወር ነበር። እንግዲህ ጊታር ማንሳት ማለት ከጥጥ ማሳና ከባለ መሬቱ ማምለጥ ነበር። ለዚህ ድፍረት ሰይጣን ምን ያደርጋል?

ጆንሰን በ1938 ግሪንዉድ አካባቢ ሲሞት ሃኒቦይ እዚያው ነበር። ስለ ሞቱ ሲጠየቅ የሚናገረው ሰይጣንን አይደለም። ሚስቱን የጠረጠረ ባል መርዝ የጨመረበት ውስኪ እንዳጠጣው ነው።

በ1942 አለን ሎማክስ የተባለው ተመራማሪ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቀረጸው። ከዚያ በኋላ ዝና በሩን አላንኳኳም። በ1950ዎቹ ቺካጎ ገባ፤ እንጀራውን በጉልበት ሥራ እያገኘ ማታ በትናንሽ ክለቦች ይጫወት ነበር። ግራሚ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት የደረሰው በ2008 ነው፣ ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላ። የግራሚን የሕይወት ዘመን ሽልማት ደግሞ በ2010 ሰጡት። በዓመቱ በ96 ዓመቱ አረፈ። እጅግ የዘገየ ክብር ነው፤ አብረውት ከዞሩት ብዙዎቹ ይህን እንኳ አላዩም።

የ1942ቱ ቀረጻ ዛሬም ይገኛል። ብሉዝን ገና ለሚጀምር ሰው የምመክረው እሱን ነው።