ዜግነት ነጣቂዎች ሆይ፣ እጃችሁ ይባረክ

ሰው ሁሉ ስለ ዜግነት ነጠቃ ክፉ ክፉውን ሲያወራ እኔ ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ኧረ የምሬን ነው። ይሄን ዘዴ የፈጠረ ሰው እጁን ቁርጥማት አይንካው። ድሮ ድሮ አንድ ያገር ልጅ ሄዶ አሸባሪ ሲሆን ፖሊስ፣ ምርመራ፣ ምስክር፣ ጠበቃ፣ ዳኛ፣ እስር ቤት የሚባል ጣጣ ነበረ፣ ያ ሁሉ ደሞዝ ያ ሁሉ ቀጠሮ። አሁን ምን ችግር አለ፣ አንድ ሚኒስትር ቢሮው ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ አንዲት ወረቀት ላይ ይፈርምና አለቀ፣ ልጁ የኛ አይደለም። የኛ ሆኖም አያውቅም። ማን ነበር ስሙ?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን ጥበብ በደንብ ያውቀዋል። እኛ ሰፈር የቆሻሻ ገንዳው ሩቅ ስለነበር አንድ ቤት ሰዎች ለሊት ስድስት ሰዓት ላይ ፌስታላቸውን ቋጥረው፣ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ኮቴ ሳያሰሙ ጎረቤት አጥር ስር ጣል አድርገው ይመለሱ ነበር። ጠዋት ባለቤቷ ወጥታ ስትጮህ ደግሞ ቀድመው ደርሰው "ኤጭ! ምን ዓይነት ሰው ነው ግን ይሄ?" የሚሉት እነሱው ናቸው። አንድ ቀን ውሻ ፌስታሉን ዘነጠለውና ከድንች ልጣጩ ጋር የመብራት ቢል ወጣ፣ ከነስማቸው። ምን አሉ መሰላችሁ? "የስም መመሳሰል ነው።"

እንግሊዝ ይሄንኑ በክራቫት ነው የምትሰራው። ሻሚማ ቤገምን ታስታውሷታላችሁ መቼም። ለንደን የተወለደች፣ ቤትናል ግሪን የተማረች፣ በፌብሩዋሪ 2015 በ15 ዓመቷ ከሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ከጋትዊክ ኤርፖርት ወደ ኢስታንቡል በራ፣ ከዛ ሶርያ፣ አይሲስ ጋር የገባች። በ2019 ጋዜጠኛ ካምፕ ውስጥ ሲያገኛት የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሁለት ልጅ ቀብራ ሶስተኛውን አርግዛ። ወደ አገሬ መልሱኝ አለች፣ በዛው አፏ ደግሞ መምጣቴ አይቆጨኝም አለች፣ በቃ አገር ተቃጠለ። የሆም ኦፊሱ፣ ማለትም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳምንት ሳይሞላ ፈረሙ።

ቆይ ግን ሰውን አገር አልባ ማድረግ በህግ ክልክል ነው አይደል? ነው እንጂ፣ እንግሊዝ ህግ አክባሪ አገር ናት፣ ስለዚህ ወላጆቿ ከባንግላዲሽ ስለመጡ ልጅቷ በደም ባንግላዲሻዊት ነች ተባለ። እግሯ ባንግላዲሽን ረግጦ አያውቅም። ባንግላዲሽ በበኩሏ ጠዋት በሯን ከፍታ ፌስታሉን ስታይ፣ ኧረ ይቺ ልጅ ዜጋዬ አይደለችም፣ እዚህም አትገባም ብላ ጮኸች። ማን ይስማት። ዜግነቷ ሊነጠቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የተወለደው ህጻን ደግሞ እናቱ ዜጋ እያለች ስለመጣ እንግሊዛዊ ነበር፣ እሱን ማንም አልነጠቀውም። ሶስት ሳምንት ሳይሞላው እዛው ካምፕ ውስጥ ሞተ፣ ከነዜግነቱ።

ከዛ እስከ 2024 ድረስ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተዞረ፣ ጠበቃ በጠበቃ ላይ ተከመረ፣ ሁሉም የተከራከሩት ግን ሚኒስትሩ መፈረም ይችሉ ነበር ወይስ አይችሉም በሚለው ላይ ነው። "አንቺ ልጅ፣ እዛ ሄደሽ ምን ሰራሽ?" ብሎ በወንጀል ችሎት ያቆማት ዳኛ የለም። አያችሁ ቁጠባ?

ይሄ መልካም ስራ ሲታይ ደግሞ ሌላውም ቀና፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ እንደሚባለው። አውስትራሊያ አንዱን የአይሲስ ሰው በ2018 መጨረሻ ላይ "አባቱ የፊጂ ሰው ነው፣ ስለዚህ ፊጂያዊ ነው" ብላ ነጠቀችው፣ ፊጂ መዝገቧን አገላብጣ እንዲህ የሚባል ዜጋ የለኝም አለች። ሰውየው ቱርክ ታስሮ ከረመና በዲሴምበር 2022 ተይዞ የመጣው የት መሰላችሁ? አውስትራሊያ፣ እዛው ሊከሰስ። ፌስታሉ ከነመብራት ቢሉ ባለቤቱ በር ላይ! ሌላዋን ደግሞ፣ በ6 ዓመቷ ከኒውዚላንድ ሄዳ አውስትራሊያ ያደገችውን፣ የአውስትራሊያ ፓስፖርት ይዛ ሶርያ የገባችውን፣ የሁለቱም አገር ዜጋ ነበረች፣ ቱርክ በ2021 ስትይዛት ግን አውስትራሊያ ቀድማ ነጥቃ ተገኘች። ቀድሞ የነጠቀ ነው እኮ የሚያሸንፈው፣ የዘገየ ልጅ ያሳድጋል። የጊዜው የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን ያን ሰሞን አውስትራሊያ ችግሯን ወደኛ መላኳ ሰልችቶናል ብላ በአደባባይ ተናገረች፣ ያቺ የምታውቋት ፈገግተኛ ሴትዮ። እንግሊዝም ኦክስፎርድ ያደገውን ልጅ በአባቱ በኩል ካናዳዊ ነው ብላ ለካናዳ ጣለችው፣ ካናዳ አዘንን አለች። እንግሊዝና ካናዳ እኮ አንድ ንጉስ ነው ያላቸው! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው፣ በዘውድ ደረጃ። ፈረንሳዮች ብቻ ናቸው ሞኞች፣ ከ2015ቱ የፓሪስ ጥቃት በኋላ ፈረንሳይ የተወለደውንም ጥምር ዜጋ እንንጠቅ ብለው ተነስተው የፍትህ ሚኒስትሯ በዚህ የለሁበትም ብላ ስልጣኗን ለቀቀች፣ ፕሬዝዳንቱም በማርች 2016 ተዉት። ሰው እንዴት በስልጣን ላይ እያለ ያፍራል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሙጥ ልናገር። እኔ ለአይሲስ የሚራራ አንጀት የለኝም። በኤፕሪል 2015 ወንድሞቻችንን ሊቢያ ባህር ዳርቻ ላይ ብርቱካናማ ልብስ አልብሰው ያረዱበትን ቪዲዮ ያየ ሀበሻ እንዴት ይኖረዋል፣ እናቴ ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍናው ነበር። ግን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። አንገት የቀላ ሰው ቅጣቱ ፓስፖርት ማጣት ነው? እነዛን ጋዜጠኞችና የእርዳታ ሰራተኞች አግተው ካሰቃዩት፣ ታጋቾቹ ቢትልስ እያሉ ከሚጠሯቸው የለንደን ልጆች ውስጥ ሁለቱን እንግሊዝ ነጥቃ ጣለቻቸው፣ አንስታ ቨርጂኒያ ድረስ ወስዳ፣ ምስክር ሰምታ፣ በ2022 እድሜ ልክ የፈረደችባቸው አሜሪካ ናት። የጎረቤትን ቆሻሻ ጎረቤት ጠረገው። የቀሩትን ሺዎች ደግሞ ለዓመታት የጠበቁት አይሲስን ሲዋጉ ልጆቻቸውን የገበሩት የሶርያ ኩርዶች ናቸው፣ ኧረ ዜጎቻችሁን ውሰዱልን እያሉ፣ አገር የሌላቸው ሰዎች ባለ አገሩን "ልጅህን ውሰድ" እያሉ ሲለምኑ አይገርምም?

እሺ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናዎቹን ተመስጋኞች ገና አልነካኋቸውም። እነሱም እኛ ነን።

ለንደን ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብባት አንድ ሀበሻ ካፌ አለች፣ ማኪያቶዋ የሰው ፊት ያበራል። የሻሚማ ነገር በዜና በመጣ ቁጥር እዛ ቤት ያለውን ሞቅታ ብታዩት አርሰናል ያገባ ነው የሚመስላችሁ። "ይነጠቁ!" "ገና መቼ!" "ባገሪቱ ሲቀልዱ!" ከሁሉ ድምጹ የሚጎላው አንድ የማከብረው ጋሼ ነው፣ በስደት መጥቶ፣ መኪና ማቆሚያ ለሊት እየጠበቀ ልጆች ያሳደገ፣ ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ የሚሉትን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ በሶስተኛው ያለፈ። ከ24ቱ ጥያቄ 18 ማግኘት ነው እንግዲህ። እስከዛሬ ሄንሪ 8ኛ ስንት ሚስት እንደነበረው ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት "6" ይላችኋል። የራሱን የሰርግ ቀን ግን ባለቤቱ ናት የምታስታውሰው።

ታዲያ ይሄ ጋሼ ያን ሰሞን የረሳው ነገር አለ። ከሶስቱ ተማሪዎች አንዷ የኢትዮጵያዊ ልጅ ነበረች። አባቷ የልጁን ቴዲ ቤር ታቅፎ ቴሌቪዥን ላይ ልጄ ተመለሺ ሲል ያቺው ካፌ ውስጥ አብረን አይተን አብረን ከንፈር መጠናል። "ልጅ ናት እኮ፣ ምን ታውቃለች፣ አታለው ነው" ያለው ራሱ ጋሼ ነው፣ በጆሮዬ። የሀበሻ ልጅ ስትሆን ተታላ ነው፣ የባንግላዲሽ ልጅ ስትሆን አሸባሪ ናት። ይሄን ያህል ማስተዋል ፈተናው ላይ ቢመጣ ኖሮ በመጀመሪያው ያልፍ ነበር።

ህጉን ደግሞ ማንበብ ምን ያደርጋል፣ ደስታ ያደፈርሳል። እኔ ግን አመሌ ነውና አነበብኩት። ኬንት የተወለደ፣ አያት ቅድመ አያቱ ኬንት የተቀበሩ፣ ሌላ ዜግነት የሌለው ጆን የሚባል ልጅ አይሲስ ቢገባ፣ ሰው ቢያርድ፣ ቪዲዮ ቢለቅ፣ ዜግነቱን የሚነካው የለም፣ አገር አልባ ይሆናላ። አስረው ይፈርዱበታል፣ እንደ ሰው። የሚነጠቀው ጥምር ዜግነት ያለው ነው። በ2014 ደግሞ አንድ ማሻሻያ ጨመሩ፣ እንደ ጋሼ አመልክቶ ዜጋ የሆነ ሰው ያገሪቱን ጥቅም ክፉኛ ጎዳ ከተባለ ሌላ ምንም ዜግነት ባይኖረውም፣ ሌላ አገር ሊቀበለው ይችላል ብሎ ሚኒስትሩ በቂ ምክንያት ካገኘ ይበቃል። በ2022 ደግሞ ጭራሽ ሳይነግሩህም መንጠቅ የሚቻልበትን ቀዳዳ ከፈቱ። የኛ አገር፣ በኛ አቆጣጠር የ1996ቱ፣ የዜግነት አዋጅ ምን ይላል? ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው የውጪ ዜግነቱን ትቶ፣ አገሩ ገብቶ፣ ካመለከተ ይመለስለታል። ይሄው በቂ ምክንያት! እናት አገር በሯን ክፍት አድርጋ መጠበቋ ለካ ለዚህም ይጠቅማል። ጋሼ እንግዲህ የሚያጨበጭበው ለጆን በማይሰራ፣ ለሱና ለልጆቹ ተለክቶ ለተሰፋ ህግ ነው። ነግ በኔ የሚባለውን ነገር የተዉነው ቦሌ ኤርፖርት፣ ኪሎ ሲበዛ ነው መሰለኝ።

ደግሞ ፈረንጅ ይሄን ጀመረው ስትሉ ቅር ይለኛል፣ የኛ ድርሻ ለምን ይዘለላል? ህገ መንግስታችን አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለፈቃዱ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል፣ ወርቅ የሆነ አንቀጽ ነው። ስራ ላይ ከዋለ ሶስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው በኛ አቆጣጠር በ1990 የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ወደ 75,000 የሚሆን ኤርትራዊ ደም አለው የተባለ ሰው በአውቶብስ ጭነን የሸኘነው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ልጅ ድሮ፣ አዲስ አበባ እድር የገባ ሰው "በኤርትራ ሪፈረንደም ድምጽ ሰጥተሃል፣ ስለዚህ የነሱ ዜጋ ነህ" ተባለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የዓይናችሁ ቀለም አላማረንም ካልን ትወጣላችሁ የሚል ነገር ተናገሩ። ሰዎቹ አሸባሪ ቡድን እንኳን አልገቡም ነበር። እንግሊዝ በ2019 "ወላጆችሽ የዛ አገር ሰዎች ናቸው" ስትል እኛ ትምህርቱን ጨርሰን ተመርቀናል። ቅጂ መብት ብንጠይቅ ያዋጣ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ አጠገቤ ቁጭ አለና "እስቲ አንተ መነጽርም አለህ፣ ይቺን ፎርም ሙላልኝ" አለኝ። ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው የቢጫ ካርዱ ጊዜ አልፎበት ሊያሳድስ ነው፣ አገር ቤት የጀመረው ቤት ጣሪያ ይቀረዋል። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ገባና ሁለቱን አውጥቶ ከማኪያቶው ጎን ደረደራቸው፣ አዲሱን ሰማያዊ የእንግሊዝ ፓስፖርት፣ አንበሳና ባለቀንዱ ፈረስ በወርቅ የታተመበትን፣ እና ጫፉ የተላጠውን ቢጫ ካርድ። ቢጫውን ብድግ አድርጎ ሳም አደረገው።

"ይሄ ደም ነው" አለኝ። "ደም የሚነጥቅህ የለም።"

"ጋሼ፣ ይሄን ያሉትን ሆም ኦፊስ አካባቢ እንዳይደግሙት" አልኩት።

ሳቀ። "ኧረ ተው ባክህ፣ እነሱ የሚነጥቁት እነዛን ነው።" ከዛ ቴሌቪዥኑን ወደ ላይ አየት አደረገና ልጅቷን ጠርቶ "የኔ እመቤት፣ ድምጹን ጨምሪበት እስቲ፣ ስለነሱ ነው መሰለኝ" አላት።