አድሚን ነኝ እኮ

ባህር ዳር ላይ ድሮ ሰው ሲተዋወቅ "የማን ልጅ ነህ?" ነበር የሚባባለው፣ ቀጥሎ "የት ትሰራለህ?" መጣ፣ አሁን ጣና ዳር ማኪያቶ አዘህ ቁጭ ካልክ ከጎንህ ያለው ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ "ግሩፓችን ላይ አለህ አይደል?" ነው የሚልህ። የለሁም ብትል ያዝንልሃል። ማኪያቶው ሳይመጣ አድ ተደርገህ፣ "እንኳን ደህና መጣህ" ተብለህ አልቋል።

የግሩፑ ስም ውስጥ "ባለሙያዎች" የሚል ነገር አይጠፋም፣ ሎጎው ወይ ዘንባባ ነው ወይ ጀልባ፣ ወይ ዘንባባ ስር የቆመ ጀልባ። ሌፍት ትላለህ፣ በሌላ ስም ሌላ ይከፈትና እንደገና አድ ትደረጋለህ፣ ልክ እንደ እምቦጭ በዚህ ስትነቅለው በዛ ይበቅላል። ቴሌግራም አንድ ግሩፕ ውስጥ እስከ 200,000 ሰው ስለሚፈቅድ ቦታ ሞላ ተብሎ የሚቀር የለም። ለአድሚን ደግሞ ከስሙ ጎን እስከ 16 ፊደል የሆነ ማዕረግ መጻፍ ይቻላል፣ ማስረጃ አምጣ የሚል የለም፣ የእኛው ሰውዬ "ሲኒየር አማካሪ" ብሏል። ምን እንደሚያማክር የጠየቀው ሰው የለም። ሰባት ፊደል ተርፎታል፣ ለዶክተርነቱ ይዞት ነው መሰለኝ።

ስራ ፈት ነው እንዳትሉ ብቻ። ጠዋት "መልካም ሰኞ" ይላል፣ ረፋድ ላይ ከሌላ ቻናል የስራ ማስታወቂያ ያመጣና የቻናሉን ስም ቆርጦ የራሱን ይለጥፍበታል፣ ማታ ሰርተፍኬት የያዘ ሰው ፈልጎ "ይገባሃል ወንድሜ" ይላል፣ ይሄን ሲያደርግ ከርሞ አሁን ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር ይለቀቅለታል።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ሲመረቅ ግማሹ አባል ፕሮፋይሉን ቀየረ፣ ሄልሜት አድርጎ፣ ወደ ሰማይ እያየ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፣ እዛ ላይ በሄልሜት የተነሳውን ሁሉ ሰልፍ ብታስይዘው ግን እስከ ዘጌ ይደርሳል። አንዱን አውቀዋለሁ፣ ባንክ ነው የሚሰራው፣ ሄልሜቱም የሞተር ነው።

ሊንክድኢን ላይ ደግሞ ከ500 በላይ ሰው ካለህ ለሌላው የሚታየው "500+" ብቻ ስለሆነ 501 ያለውም 30,000 የሞላለትም እኩል ይከበራል። የእኛ ሰዎች ይቺን ቶሎ ነው የደረሱባት፣ 500 እስኪሞላ የማያውቁትን የሩቅ አገር ጥርስ ሀኪም ሳይቀር ይለምናሉ፣ ከሞላ በኋላ ሰላም ብትላቸውም አይመልሱም።

ነገሩ ጭራሽ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም ታዲያ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በ1973 (በእነሱ አቆጣጠር) ባወጣው ጥናት፣ ስራ የቀየሩ ሰዎችን ጠይቆ ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው መሆኑን አሳይቷል፣ የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለሃ። አድሚናችን ይሄን ቢሰማ ፒን ያደርገዋል። ግን እኮ የሩቅ ሰው የሚጠቅመው ያልሰማኸውን ሲነግርህ ነው፣ ጠዋት ያየነውን ማስታወቂያ ማታ ሲደግምልንማ ምኑ ነው።

የሞባይል ዳታ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ ተጽዕኖ ፈጣሪዎቻችን ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በረንዳ ላይ ተሰባሰቡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ተያዩ፣ ማንም ማንንም አላወቀም። በፎቶ ሁሉም ረጃጅም ነበሩ።

የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። አንዲት እህታችን አለች፣ ሒሳብ ነው የምትሰራው፣ ፕሮፋይሏ ላይ ያለችው ድመት ናት። አንዴ አንዱ የ115,000 ብር ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ "ቫቱ ውስጡ አለ፣ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ እስከ ምሳ ሄደ፣ አብዛኛው የጠቅላላውን 15 ፐርሰንት አስልቶ 17,250 ነው አለ፣ አንዱ የአገሪቱን ኢኮኖሚ አነሳ፣ አንዱ አራት ደቂቃ ቮይስ ላከ፣ ግማሹ የባጃጅ ድምፅ ነው። እሷ "ለ115 አካፍለህ በ15 አባዛው፣ ዋጋው 100,000 ቫቱ 15,000 ነው" ብላ ጽፋ ወጣች። ሁለት ላይክ። ወዲያው ከስሯ አድሚኑ "ውቧ ከተማችን" ብሎ ጣና ላይ ስትጠልቅ ያለች ጀንበር ለጠፈ፣ ግሩፑ በልብ ተጥለቀለቀ።

ማታ ኢንቦክሷ ገባ። ስክሪንሾቱን አሳይታኛለች፣ "እህቴ ይቅርታ በዚህ ሰዓት፣ ያቺን የቫት ነገር እስቲ ቀስ ብለሽ አስረጂኝ" ይላል። አስረዳችው። በነጋታው ቻናሉ ላይ ረጅም ፖስት ወጣ፣ "ውድ ቤተሰቦቼ፣ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር በጠየቃችሁኝ መሰረት..." ብሎ ይጀምርና 115ቷን ከነማካፈሏ ይተነትናል።

ላይክ ካደረጉለት ውስጥ ድመቷም አለች። ምነው ስላት፣ "ምን ላድርግ፣ ዝም ብል ሪሙቭ ያደርገኛል" አለችኝ።