ፉከራው የሁላችን፣ ለቅሶው የእናት ብቻ

ስሙኝማ ወገኖቼ። ዛሬ የምቆጣችሁ በዘፈን ነው። አትሳቁ።

በዚህች አገር ጥይት በጮኸ ቁጥር ፉከራው ከዜናው እኩል ይደርሰናል። አንዱ ወታደር ሲሰለፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ቆርጦ ከሥሩ ቀረርቶ ይለጥፍበታል። እኛ ደግሞ በቲክቶክ እንቀባበለዋለን። አዲስ አበባ ካፌ የተቀመጠውም፣ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳውም እኩል ዘራፍ ይላል። ሁሉም ጎራ እንዲህ ነው። «እነዚያ ናቸው እንጂ» የምትል ካለህ፣ አንተንም ነው የምለው።

ለመሆኑ ፉከራ የማን ነበር? ፎካሪው የሚቆጥረው የራሱን ግዳይ ነው። የዋለበትን ሜዳ በስሙ ይጠራል። ሳይውል የፎከረ መሳቂያ ይሆናል። የኦሮሞው ጌረርሳም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ጥንት ጠላት ወይም ትልቅ አውሬ የጣለ ሰው ያዜመው ነበር፤ በኋላ የመከራና የእስር ታሪክም ገባበት። አዝማሪውስ ሌላውን ያጀግን አልነበረም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበር። ግን እሱም ማሲንቆውን ይዞ ከጦሩ ጋር ይዘምት ነበር። ሶፋ ላይ ተጋድሞ በሰው ልጅ አንገት መፎከር የእኛ ዘመን ብልጠት ነው።

ደግሞም ፉከራና ሙሾ አብረው የኖሩ ናቸው። ድሮ ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው ላይ ይቀርባል። ጋሻውና ጠመንጃው ይታያል፤ ጓደኞቹ ይፎክሩለታል። እዚያው ቦታ ሙሾ አውራጇ ግጥሟን ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ ትናገራለች። ሲያሻትም በሰምና ወርቅ ጌቶችን ሸንቆጥ ታደርጋለች፤ ለቅሶ ላይ ማን ዝም በይ ይላታል? ትግራይም መልቀስ የሚባል የለቅሶ ግጥም አለ። ጀግንነቱ ሲወራ ዋጋውም እዚያው ይወራ ነበር። እኛ ግማሹን ቆርጠን ወሰድን።

ገዥ ይህን ቆረጣ ይወደዋል። በ1969 እና በ1970 ደርግ ወጣቱን በሽለላ እያጀገነ ወደ ኦጋዴን ያዘምት ነበር። በዚያው ጊዜ በቀይ ሽብር ለተገደሉት ቤተሰባቸው እንዳያለቅስ ከልክሏል። ልጇ ደጅ ላይ ተጥሎ እያየች ድምፅ እንዳታሰማ የተደረገች እናት አለች።

ደርግን ማውገዝ ግን ቀላል ነው። እኛስ? የትግራይ ጦርነት የተጀመረው ጥቅምት 2013 ነው። ዘፈኑ አልዘገየም። ጦርነቱ በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጥቅምት 2015 ነው። በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ብዙ ቤተሰብ የልጁን መርዶ በይፋ የሰማው ደግሞ ጥቅምት 2016። አስቡት፤ ሰላም ከተፈረመ ዓመት ሊሞላ ሲል! ከሌላው ክልል ዘምቶ የቀረውን ልጅስ ስንቶቻችን በስሙ እናውቀዋለን? አማራና ኦሮሚያ ውስጥ ዛሬ የሚወድቀውንስ? ዘፈኑን ግን ግጥሙን ከነዜማው ሸምድደነዋል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ያልዋላችሁበትን አትፎክሩ። ፉከራ ሲደርሳችሁ፣ በቪዲዮው ላይ ካሉት ልጆች የአንዱን እንኳ ስም ካላወቃችሁ ለሌላ አትላኩት። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ሟቹን ለወገናችሁ ማስታወቂያ አታድርጉት፤ ይህን የሚያደርጉ አሉ፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። ስልካችሁን ማውጣት ካማራችሁ፣ ሙሾ የሚያወርዱ እናቶች በየአገሩ ገና አሉ። ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ እነሱን ቅዱ። የሟቹ ስም፣ የእናቱም ስም ሳይቆረጥ ይግባ።