ተመልካች ሆይ፣ ሺህ ዓመት ንገሥ

አርበኛ ሐውልት አለው። አትሌት መንገድ ይሰየምለታል። ለሰበር ዜና ተመልካች ግን እስካሁን አንዲት ድንጋይ ያቆመለት የለም። ግፍ ነው! ይህን አይቶ ዝም ማለት ለሚዲያ ተማሪ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ላንተው ነው፤ ስልክህ ላይ አንገትህን ደፍተህ የሀገሪቱን አስደንጋጭ መረጃ ሁሉ ብቻህን ለምትሸከመው።

ክፍል ውስጥ ስለ ጋዜጠኛ ብዙ እንማራለን። ስለ አርታኢም፣ ስለ ሚዲያ ሕግም፣ ስለ ማስታወቂያም እንማራለን። ስለ ተመልካች የሚነገረን ግን ጥቂት ነው። ጎደሎውን የሞላችልኝ ባጃጅ ናት።

ጎንደር ላይ ከፒያሳ ወደ ማራኪ እየሄድን ነው። ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣበናል። የሾፌሩ ስልክ ከመሪው በላይ ተሰክቷል፤ ድምፁ እስከ ጥግ ተለቋል። ኢርፎን? ኢርፎን የራስ ወዳድ ዕቃ ነው። የጎንደር ሰው ብቻውን አይበላም። ቡና እንኳን ሲያፈላ ጎረቤት ይጠራል። ታዲያ ዩቲዩብን ብቻውን እንዲሰማ ማን ፈረደበት?

«ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ እጅግ አስደንጋጭ መረጃ ይዘን መጥተናል። ወደ መረጃው ከመግባታችን በፊት ለቻናላችን አዲስ የሆናችሁ ሰብስክራይብ በማድረግ፣ የደወሏን ምልክት በመጫን ቤተሰብ ይሁኑ...»

ከጀርባ የጦርነት ፊልም የሚመስል ሙዚቃ ይደበደባል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ መውረጃቸው ደረሰ። «ወራጅ አለ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ልክ ያኔ አንባቢው «አሁን በቀጥታ ወደ ዋናው ጉዳይ እንገባለን» አለ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ጥቁር አንበሳ የመሰለ ድምፅ ያለው አንባቢ ከዋናው ጉዳይ በፊት የጉዳዩን ታሪካዊ ዳራ ጀመረ። ከዳራው በኋላ ተንታኞች ምን እንደሚሉ ነገረን፤ የትኞቹ ተንታኞች እንደሆኑ ግን አልነገረንም። ማራኪ ደረስን። ዋናው ጉዳይ አልደረሰም። ሽማግሌው ወርደው፣ ከዘራቸውን አስተካክለው፣ የመጡበትን መንገድ በእግራቸው ተያያዙት። ሲሄዱ ለሾፌሩ ምን እንዳሉት ታውቃላችሁ? «ቀሪውን ማታ እሰማዋለሁ።»

የኢዮብ ትዕግሥት ሲባል የሰማሁት እዚያ ነው የገባኝ። ኢዮብም ቢሆን መጨረሻ ላይ መልስ አግኝቷል።

አንደኛ ዓመት ላይ የተገለበጠው ፒራሚድ የሚባል ነገር አስተምረውናል። ዋናው ነገር ከላይ ይቀመጣል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ዝርዝሩ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። ቦታ ካነሰ አርታኢው ከታች ይቆርጣል። አንባቢው መሃል ላይ ቢያቋርጥም ዋናውን ይዞ ነው የሚሄደው። እስቲ አስቡት፣ ይህ እኮ ንቀት ነው! ተመልካቹ ሥራ አለው፣ ቶሎ ይሄዳል ብሎ መገመት ነው። ዩቲዩበሮቻችን ይህን ንቀት አርመውታል። ፒራሚዱን በእግሩ አቆሙት። ከዚያ መሠረቱን ሰርስረው ወሰዱት።

እንዲሁ የመጣ ጥበብ ግን አይደለም። ዩቲዩብ መጀመሪያ ላይ ቪዲዮን የሚያስቀድመው ስንት ሰው ከፈተው በሚለው ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ቀየረ፤ ስንት ደቂቃ ቆዩ ማለት ጀመረ። መሃል ላይ ማስታወቂያ ለማስገባት ደግሞ ቪዲዮው ቢያንስ 10 ደቂቃ መሆን ነበረበት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 8 ደቂቃ ዝቅ አለ። በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ወሬ ለምን 8 ደቂቃ ከምናምን እንደሚፈጅ አሁን ገባችሁ? አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ እንዲያገኝ ከሚጠየቀው አንዱ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ነው። 4,000 ሰዓት ማለት ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ቢታይ ከ5 ወር በላይ ነው። ይህን ሁሉ ዕድሜ የሚመጸውተው ማን ነው? አንተ ነህ። ዕድሜህን ብቻም አይደለም። ካርድ ሞልተህ፣ ፓኬጅ ገዝተህ፣ በገዛ ገንዘብህ የሰው ማስታወቂያ ታያለህ። እንዲህ ያለ ቸርነት በገድል ላይም ብዙ አይገኝም።

ድሮ ዜና ሰዓት ነበረው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ያልቃል። የአየር ሁኔታ ይነገርሃል፣ ትተኛለህ። ዛሬ ዜና አያልቅም፤ ስላልተጀመረ።

አሁን ደግሞ ስለ ተምኔል፣ ከቪዲዮው ፊት ስለሚለጠፈው ሥዕል፣ ላውራ። ይህ ራሱን የቻለ ሥነ ጥበብ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ላይ መላእክት የሳለው ሠዓሊ ቢያየው ብሩሹን ይጥል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁ አክስቴ ከሪያድ ደወለች።

«የኔ ጌታ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ አክስቴ፤ ምነው?»

«ጎንደር ምን ሆነች?»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሊስትሮው ጫማ ይወለውላል። ሁለት ባጃጆች መንገድ ተዘጋግተው ይሰዳደባሉ። አስተናጋጇ የአንዱን ሂሳብ ለሌላው አምጥታ ትሟገታለች።

«ኧረ ምንም አልሆነች።»

«አንተ ምን ታውቃለህ! እዚህ ሰው ሁሉ እያወራው ነው። ያልተጠበቀው ሆነ ይላል።»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ጎንደር ውስጥ ነኝ።»

«እሱማ ነው ችግሩ። እዚያ ያላችሁት መች ይነገራችኋል!»

ዝም አልኩ። ምን ይባላል? ሊንኩን ላከችልኝ። ከፋሲል ግንብ ጀርባ እሳት ይንቀለቀላል። ግንቡ በ1979 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ተብሎ ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ተምኔል ላይ ስንት ጊዜ እንደነደደ ግን መዝጋቢ የለውም። ትልቅ ቀይ ቀስት አለ። ቀስቱ የሚያመለክተው ማንም የማይታይበትን መስኮት ነው። በግራ አንድ ሹም ይስቃል። በቀኝ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ከፈትኩት። ሰላምታውን፣ ሰብስክራይቡን፣ ዳራውን አልፌ ውስጡን ስደርስበት የሽንኩርት ዋጋ ነው። እንግዲህ ሴትየዋ ያለቀሰችው በሽንኩርቱ ከሆነ ቻናሉ አልዋሸም።

ጎንደር ምንም የማይደርስባት ከተማ ናት ማለቴ አይደለም። የሚደርስባት ቀን ደርሷል፤ ያየ ያውቀዋል። ግን ያን ቀንም ቀስቱ ያው ቀይ ነው፣ እሳቱም ያው እሳት ነው፣ ሴትየዋም ያችው ሴትዮ ናት። አክስቴ ሪያድ ተቀምጣ በምን ትለየው?

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። ያለውን የሚያካፍል ሰው ብዙ ነው። ያላየውን የሚያካፍል ግን አንተ ብቻ ነህ። ርዕሱን ታነባለህ፣ «ኧረ ጉድ!» ትላለህ፣ ከዚያ ለዕድርህ ግሩፕ፣ ለማኅበርህ ግሩፕ፣ ለአብሮ አደግህ ግሩፕ ታዳርሳለህ። ቪዲዮውን ለመክፈት ጊዜ የለህም፤ ሌሎቹን ማስጠንቀቅ ይቀድማል። ከስሩ «እንደደረሰኝ» ብለህ ትጽፋለህ። በቃ፣ ታጠብክ። ጲላጦስ እንኳን ውሃ አስመጥቶ ነበር፤ ላንተ አንዲት ቃል በቅታሃለች።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛነቱን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው የሚያሰራጭ ሰው ይላል። ይህን አንቀጽ ክፍል ውስጥ ሳነበው ላንተ ፈራሁልህ። ከዚያ ተጽናናሁ። ምን ከፍተህ አይተህ ታውቃለህ! «ማወቅ ሲገባው» የምትለዋ ግን አሁንም ቅር ትለኛለች። ጠበቃ የሆነ ጓደኛ ካለህ ቡና ጋብዘው።

ወጣቱ ደግሞ ወደ ቲክቶክ ላይቭ ተሻግሯል። እዚያ ሰበር ዜና የለም፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ሰዓት ይቆጠርባቸዋል፤ «ታፕ ታፕ አድርጉ፣ አትፍዘዙ!» ይባላል። አንዱ በገንዘብ የሚገዛ የስክሪን ጽጌረዳ ይልካል። ሌላው አንበሳ ይልካል። አንበሳው ስክሪኑ ላይ አግስቶ ይጠፋል፤ ከሱ ጋር የአንድ ሰው የወር ቤት ኪራይ ይጠፋል። ጎንደር የአዝማሪ ሀገር ስለሆነች ሽልማት ለእኛ ብርቅ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብተህ «ተቀበል!» ትላለህ። እሱ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ስንኝህን ይቀበልሃል፣ በሰምና ወርቅ አዙሮ ራስህን ይሰድብሃል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፍለታለህ። ኋላ ቀር አሠራር ነው። ሰውየው ብርህን ለማግኘት ግጥም መፍጠር አለበት! ላይቭ ላይ ግን ምንም መፍጠር አያስፈልግም። ወንበር ላይ ተቀምጠህ «ማን አለ ሞራል የሚሰጠኝ?» ብትል በቂ ነው። ሻዩን ሳይጠጣ ውሎ አንበሳ የሚልክ ተማሪ አውቃለሁ። ዶርም ሳለሁ፣ ስሙ ላይቩ ላይ በተጠራለት ሌሊት ሁላችንንም ቀስቅሶ አሳይቶናል። እኛም ተነሥተን እንኳን ደስ አለህ ብለነዋል፤ ምን እናድርግ።

በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ዳታ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ከተማው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ብዙ ሥራ ቆሟል፤ እሱ ላይ ቀልድ የለኝም። ግን አንድ ያልተነገረ ጉዳት ነበረ። ሰው ወሬ ሲያምረው ጎረቤቱን መጠየቅ ግድ ሆነበት። ጎረቤቱ ደግሞ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አላየሁም» ይለዋል። ሙዚቃ የለ፣ ቀስት የለ። «አላየሁም» የሚል ቻናል ማን ሰብስክራይብ ያደርጋል?

እኛም በዚህ ሙያ ልንመረቅ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለተግባር ትምህርት ዜና ሥሩ ተባልን። የእኛ ቡድን ውሃን መረጠ። ጎንደር ላይ ከውሃ የባሰ ጉዳይ ከየት ይመጣል! የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው መቸገሩን፣ የነዋሪው መብዛት፣ የፈረቃውን ነገር፣ ሁሉንም በሁለት ደቂቃ ጨመቅነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት፤ አንዱ አልቀረም። መምህራችን ወደዱት። እኔም ደረቴን ነፍቼ ለአከራዬ ለእማማ ይዤላቸው ሄድኩ።

እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጄሪካኖቹ ቧንቧው ሥር ተሰልፈዋል፤ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የታሰረ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዩልኝ።

«ጥሩ ነው ልጄ። ታዲያ የተጣላው ማን ነው?»

«የተጣላ የለም እማማ። ስለ ውሃ ነው።»

«እሱንማ አየሁ። እንዲያው የደበቃችሁት ነገር የለም?»

«የለም፤ ያገኘነውን ሁሉ ተናግረናል።»

አዘኑልኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞህ፣ ገና ተማሪ አይደለህ፤ ትለምደዋለህ» አሉኝ።

ማታ ቴሌግራሜ ጮኸ። እማማ ናቸው። «የጎንደር ውሃ ጉድ ወጣ!! ለዘመናት የተደበቀው ምስጢር!!!» የሚል ቪዲዮ ልከውልኛል። ፎቶው ላይ ያለው ጢስ ዓባይ ነው። ቀይ ቀስት ተደርጎበታል። ከስሩ የልጅ ልጃቸውን አስጽፈው «ዜና እንዲህ ነው» ብለውኛል።

ይኸው እያየሁት ነው። ሰብስክራይብ አድርጌያለሁ፣ ደወሏንም ተጭኛለሁ። 9ኛው ደቂቃ ላይ ደርሻለሁ፤ ውሃው ገና አልመጣም።