ገራም ሆኖ የተወለደ በቅሎ የለም

ወገኖቼ፣ የወሎ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይላችሁም። እኔንም ደስ አላለኝም። ከባዳ አፍ ከምትሰሙት ግን ከቤታችሁ ልጅ ብትሰሙት ይሻላል።

ሙገሳ አሰነፈን። «ወሎ ገራገሩ» ሲባል እየሰማን አደግን። ባቲና አምባሰል የዜማ ቅኝት ሆነው አገሩን ሁሉ በትዝታ ሲያባቡ ሰማን። እናም ደግነትን እንደ ቁመትና እንደ ጥርስ ፍንጭት ከእናታችን ማሕፀን ይዘነው የወጣን መሰለን። አሁን «እኛ እኮ ገራገር ነን» እያልን ለራሳችን ራሳችን እንመሰክራለን። ባለጉዳዩም ምስክሩም አንድ ሰው የሆነበት ችሎት የት አገር አለ?

ገራም የሚለውን ቃል እስቲ ልብ በሉት፤ ከመግራት የወጣ ነው። በቅሎ ስትወለድ ትራገጣለች። ገራም የምትባለው ልጓም ለምዳ፣ ጭነት ችላ፣ ስንት ጊዜ ጥላ ስንት ጊዜ ከተመለሰች በኋላ ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ደቀ መዝሙር ሲሰበስቡ፣ ከብዙ ዘመን በኋላም በጀማ ንጉሥ የሼኾች መካን ሀድራው፣ የዱዓው ጉባኤ፣ ሲደምቅ፣ አንዱ በጾምና በስግደት፣ ሌላው በዚክርና በዱዓ ይሂድ እንጂ ሥራው አንድ ነበር፤ ነፍስን መግራት። የቆሎ ተማሪውም ደረሳውም በየደጁ ለምኖ ሲበላ ትዕቢቱ አብሮ ይሰበር ነበር። እኛ ስሙን ወረስን፤ ልጓሙን ግን የት እንደጣልነው እንጃ።

በክፉ ቀን ደግ መሆናችንን አልክድም። በ1966ቱም በ1977ቱም ረሃብ እፍኝ ሽምብራ ለሁለት የተካፈሉ ጎረቤታሞችን ታሪክ እናቴ ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። በ2013 ክረምት ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ወገን ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲሰፍር እንጀራው ከየጓዳችን ወጥቷል። ይሁን፤ ይቆጠርልን። ግን ክፉ ቀን ሰውን ሳይወድ በግዱ ይገራዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ደህናው ቀን ነው፤ ማንም የማያለቅስበት፣ ማንም የማያየን ተራ ቀን።

ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዳችሁ እህል የሚሰፈርበትን ጣሳ ገልብጣችሁ እዩት። ታቹ ወደ ውስጥ የተጨረመተው በምን ወድቆ ነው? ቲማቲሙስ ከላይ ሙሽራ፣ ከሥር እንዲያ የሆነው ለምንድን ነው? ቁርኣን ሰፍሮ የሚያጎድለውን የሚያወግዝበት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው፤ 83ኛው። መጽሐፈ ምሳሌም አባይ ሚዛንን ይጸየፋል። ሁለቱም መጻሕፍት በየቤታችን አሉ፤ ጣሳውም አለ።

ቡናው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው። የወሎ ቡና በምርቃት ይጀመራል፤ ይህ ባህላችን ደስ ይለኛል፤ ዛሬም የአያቴ «አሚን በሉ» ጆሮዬ ላይ አለ። አቦል ላይ አገር ሰላም ይሁን እንላለን፣ ወላዷን እንመርቃለን፣ መንገደኛውን እንሸኛለን። ቶና ላይ ሲደረስ ድምፅ ዝቅ ይላል። «አትናገሩብኝ እንጂ…» የምትለዋን መነሻ ሁላችንም እናውቃታለን። እስከ በረካ ድረስ የአንዷ ልጅ ተድራ ተፈታ፣ የአንዱ ሱቅ በዕዳ ተዘጋ፣ አንዷ ደግሞ ከማን ጋር እንደታየች በሰዓቱ ተወሰነ። በረካውን ስንጠጣ እንደገና እንመርቃለን። በዚያው አፍ! ከፊሉን ሐሜት የጀመርኩት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ወንዶች አናማም የሚለውን ተረት አታምጡብኝ።

ቅሬውም፣ ያ የሐዘን ዕድራችን፣ እንዲሁ እየሆነ ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ቃሬዛ የሚሸከም፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ትከሻ ነበር። ዛሬ መቀጫው በቴሌብር ይላክና ነገሩ ያልቃል። ሥራ የማይለቀው ሰው አለ፤ እሱን አልወቅስም። እኔ የምለው ከቤቱ ተቀምጦ ኳስ እያየ መቀጫ ስለሚልከው ነው። ሐዘንተኛው የጎደለበት ሰው ነው፤ ብር ቢጎድለውማ ብድር ይሞላው ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ይቅርታ መጠየቅ አለማወቃችን ነው። ደም ሲፈስ የሚያስታርቅ አበጋር አለን፤ ገዳይና የሟች ወገን የሚታረቁበት ሥርዓት አለን። ለትልቁ በደል መንገድ የሠራ ሕዝብ ለአንዲት ክፉ ቃል «አጠፋሁ» ማለት ተስኖት ስንት ዓመት ይኮራረፋል።

ይህን የማውቀው ከሩቅ አይደለም። ታላቅ ወንድሜን አራት ዓመት አላናገርኩትም። የአባታችንን ቤት ስንካፈል በሰው ፊት «አባታችንን የጦርኸው ለቤቱ ብለህ ነው» አልኩት። ሐሰት መሆኑን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ አውቄው ነበር። አባታችን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲውል ገላውን ያጠበው እሱ ነው። እኔ በበዓል በበዓል ብርቱካን ይዤ እመጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ልልክ ስል ከረምኩ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ሽማግሌ የፈለግሁት ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ጥፋቴን ለሁለት እንዲያካፍሉልኝ ነው። «አንተም ተው፣ አንተም ተው» እንዲሉን፣ ከዚያም ተሳስመን እንድንነሣ። እሱ ምኑን ይተው? ቤቱን ተካፈልነው፤ ይህ ጥፋት ግን አይካፈልም፤ ጠቅላላው የእኔ ነው። ከእናንተም መካከል ሽማግሌ እየላካችሁ የከረማችሁ ካላችሁ፣ ያን ሽማግሌ ለምን እንደፈለጋችሁት ሌሊት ላይ ራሳችሁን ጠይቁ።

ወንድሜ ገራዶ ነው ያለው፤ ከደሴ ፒያሳ ሩቅ አይደለም። አራት ዓመት የፈጀብኝ መንገድ ያ ነው። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እሄዳለሁ። በሩን ይክፈት አይክፈት የእሱ ነው። ብርቱካን አልይዝም።